ዘነቡ ሙሉካና የአሪቻ ቡና አልጋ ተማሪዎቿ

የዱመርሶው አቶ ሙሉካ የመጀመሪያ ልጃቸውን ዘነቡን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የላኩ ሰሞን የመንደሩ አፍ ሥራ አልፈታም። ቡና ጭነው ወደ ይርጋጨፌ ሲወርዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ እንሰት ሊተክሉ ጉድጓድ ሲምሱ፣ ያገኛቸው ሁሉ አንድ ነገር ጣል ሳያደርግ አያልፍም።

«ሙሉካ፣ ወንዶቹ ልጆችህ አልቀው ነው?»

«አሉ። ዘነቡ ቀድማ ስለተወለደች ቀድማ ሄደች። ተራ አልዘለልሁም።»

«ተምራ ተምራ ለሰው ቤት ነው እኮ!»

«እኔስ ያንተን እህት ሳገባ ለሰው ቤት መጣች ብዬ መለስኋት?»

አቶ ሙሉካ ፊደል አልቆጠሩም። ለአፋቸው ግን አበዳሪ አይሹም ነበር።

ዘነቡ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀምራ፣ ዲላ ከአክስቷ ቤት ተቀምጣ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ፣ በ1960 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገባች። በሦስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ታይፎይድ ጣላትና አንድ ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቀረች። ስትመለስ ጓደኞቿ ቀድመዋት ነበር። ያም ሆኖ ሦስተኛውን ዓመት በደህና ውጤት ጨረሰች።

በዚያን ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትምህርቱን ሳይፈጽም አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ ማገልገል ነበረበት። አንዱ ጎጃም ይሄዳል፣ አንዱ ወለጋ። አገልግሎቱ ካልጸደቀለት ወደ አራተኛ ዓመት አያልፍም። ዘነቡን ዕጣዋ መልሶ አገሯ ይርጋጨፌ ጣላት።

«አንቺማ ዕድለኛ ነሽ» አለቻት አብራት የምታድረው የትምወርቅ፣ ሻንጣዋን እየቆለፈች። «እኔ የማላውቀው አገር ስንከራተት አንቺ የእናትሽን ቆጮ እየበላሽ ልታገለግዪ ነው።»

«አታሹፊ። የማያውቁሽ ሰዎች አስተማሪ ይሉሻል። እኔን አፍንጫዬን የጠረጉልኝ ሴቶች ማን ብለው ይሰሙኛል?»

የትምወርቅ ሳቀች፤ ዘነቡ ግን አልሳቀችም። አንድ ዓመት በበሽታ ሄዶባታል። ሁለተኛ ዓመት ከባከነ፣ ከእሷ ኋላ የተሰለፉት ወንድሞቿ ተራቸውን እየጠበቁ፣ እሷን ዳግመኛ አዲስ አበባ የሚልካት እንደማይኖር ታውቀዋለች። ዲግሪው በዚህ አንድ ዓመት ላይ ተንጠልጥሏል።

የተሰጣት ሥራ ሁለት ነበር፤ ከጧት እስከ አምስት ሰዓት ሕፃናት ማስተማር፣ ከዚያም በላይ ሃያ ያህል ያልተማሩ ሴቶችን ሰብስባ ዓመቱ ሳያልቅ ማንበብ እንዲችሉ ማድረግ። ሕፃናቱ አላስቸገሯትም። ለሴቶቹ ግን ዘወትር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክፍል ከፍታ፣ ጥቁር ሰሌዳውን አጽድታ ብትጠብቅ፣ አንዲት እንኳ ብቅ ሳትል አንድ ሳምንት ባዶ ወንበር አስተማረች። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ በዛብህ በመስኮት ብቅ እያሉ «ወይዘሪት ዘነቡ፣ ተማሪዎችሽ ዛሬም ጨዋ ናቸው፤ አይረብሹም» ይሏታል።

ቅዳሜ ዱመርሶ ወርዳ ለአባቷ አማረረች።

«ሴቶቹ አይመጡም፣ አባ። መማር አይፈልጉም።»

«መቼ ይምጡ?» አሉ አቶ ሙሉካ፣ የንብ ቀፎ እያበጁ። «የዚህ መንደር ሴቶች ሳይቀሩ ቀኑን አሪቻ ቡና ሲለቅሙ ይውላሉ። ማታ ቤታቸው ሲገቡ እንሰቱም ልጁም ይጠብቃቸዋል። ንቡ ወደ ቀፎው ካልመጣ ቀፎውን ንቡ ወዳለበት ዛፍ ትሰቅያለሽ እንጂ ንቡን ትሳደቢያለሽ?»

ሰኞ ከሕፃናቱ ክፍል እንደወጣች አሪቻ ወጣች።

አሪቻ ላይ የዲላው ነጋዴ አቶ ገብረኪዳን ከተከሉት ብዙም ያልቆየ የቡና ማጠቢያ ነበራቸው። ከወንዙ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ተደርድረዋል። አልጋ የሚሉት ከእንጨትና ከቀርከሃ የተሠራ፣ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ረጅም መደብ ነው። የታጠበው ቡና በላዩ ይሰጣል፤ ሴቶቹ በግራና በቀኝ ሆነው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ የተሰበረውንና የጠቆረውን ይለቅማሉ። ማንም የሰው ቦታ አይነካም። አንዲት ሴት መጀመሪያ ቀን የቆመችበት ቦታ እስከ ቡናው ማብቂያ ቦታዋ ነው፤ ከፊት ለፊቷ የምትቆመውም የወሬ ጓደኛዋ ናት።

አቶ ገብረኪዳን ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ የዘነቡን ጉዳይ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ እኔ ቡና የማጥብበት ቦታ ነው። ፊደል የሚታጠብበት አይደለም። ሥራ አታስፈቺብኝ።»

«ሥራ አላስፈታም፣ ጋሼ። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲከር ቡናው እንዳይሰነጠቅ ትሸፍኑት የለም?»

«እንሸፍነዋለን።»

«ያን ጊዜ ሴቶቹ ምን ይሠራሉ?»

«እኔን ያሙኛል።»

«እንግዲያው ያችን ሰዓት ለኔ ይስጡኝ። ሐሜቱም ይቀርልዎታል።»

አቶ ገብረኪዳን ሳይወዱ ሳቁ። «እስቲ ሞክሪው። ከሐሜቱ የሚብስ ነገር እንዳታስተምሪብኝ ብቻ!»

ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። ቀትር ሲሆን ቡናው በሸራ ይሸፈናል። ዘነቡ ያላትን አንድ የፊደል ገበታ ሸራው ላይ ትዘረጋና ነፋስ እንዳይወስደው ዳር ዳሩን በድንጋይ ትጭነዋለች። ግድግዳ የሚባል ነገር አቅራቢያው ስለሌለ የምትሰቅልበት አልነበራትም። እሷ ከታችኛው ወገን ቆማ በቀጭን ዘንግ ፊደሉን ትነካለች፤ ከወዲህም ከወዲያም ያሉት ሴቶች በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ። ያላወቁትን በጌዴኦኛ ታስረዳቸዋለች። መጻሕፍት ሲላኩላትም ለሁሉ የሚዳረስ ስላልነበረ፣ አንዱን መጽሐፍ ፊት ለፊት ለሚተያዩ ሁለት ጓደኛሞች አልጋው መካከል ታስቀምጥላቸዋለች። ጽሕፈቱን ለኋላ አቆየችው። ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅም የዋለ ጣት እርሳስ ጨብጦ እንዲንቀጠቀጥ አልፈለገችም፤ ከዓመቱ የሚጠበቅባትም ማስነበብ ብቻ ነበር።

ከወዲያኛው ወገን መጀመሪያ የምትቆመው ካሳነሽ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በለቀማ ያሳደገች፣ አፏ ከጣቷ የማይዘገይ ሴት ናት። ዘነቡን በሕፃንነቷ አዝላታለች፤ እንደዚያም ትቆጥራታለች።

«የሙሉካ ልጅ» ትላለች፣ ገበታውን በጣቷ እየነካች፤ «ይቺ እግሮቿን ወደ ሰማይ የሰቀለችው ማን ናት?»

«እሷ 'በ' ናት፣ እቴቴ።»

«በይ እግሯን ታውርድ። ወንዶች ያልፋሉ።»

ሴቶቹ በሳቅ አልጋው ላይ ይደፋሉ። ዘነቡም አብራ ትስቃለች። የካሳነሽን ጨዋታ ሁልጊዜ ጨዋታ ብቻ አድርጋ ነበር የምትሰማው።

ቡናው ደርቆ ወደ መጋዘን ሲገባ ዘነቡ ተማሪዎቿ ይበተናሉ ብላ ሠጋች። አልተበተኑም። ባዶው አልጋ ዘንድ፣ እያንዳንዷ በቦታዋ፣ ቀትር ሲሆን መጥተው ይቆማሉ። በመጋቢት ቃል መግጠም ጀመሩ። በሚያዝያ ካሳነሽ ስለ ቀበሮና ስለ ዶሮ የሚያወራውን ትምህርት ከዳር እስከ ዳር አንብባ ጨረሰችና «ዶሮዋ ሞኝ ናት፤ የኛ መንደር ዶሮ ብትሆን አትበላም ነበር» ብላ ፈረደች። አቶ ገብረኪዳን ሳይቀሩ ከሩቅ ቆመው ይሰሙ ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ የአገልግሎቱ ተቆጣጣሪ አቶ ሠረቀብርሃን ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጡ። ረጅም፣ ሽቅርቅር፣ ቃላቸውን መዝነው የሚያወጡ ሰው ናቸው። ከንጋት ጀምሮ ዝናብ ይጥል ስለነበር ፈተናው መጋዘኑ ውስጥ ሆነ። ለእሳቸው ጠረጴዛና ወንበር ተሰጣቸው። ሴቶቹ ልብሳቸውን አጥበው፣ ፀጉራቸውን ቅቤ ቀብተው መጥተዋል። አልጋው ላይ እንደለመዱት በሁለት ወገን ተከፍለው፣ የወዲያኞቹ በአንድ አግዳሚ፣ የወዲህኞቹ በሌላው ተቀመጡ። አቶ ገብረኪዳን በሩ ላይ ቆሙ። ዘነቡ ከጥግ ሆና እጇን አጣምራ ታያለች።

«ከዚህ እንጀምር» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን፣ መጽሐፉን ለካሳነሽ እየሰጡ። «አሥራ ሁለተኛውን ገጽ አንብቢ።»

ካሳነሽ መጽሐፉን ተቀበለች፣ አየችው፣ ገልብጣ ያዘችው።

አቶ ሠረቀብርሃን ከመነጽራቸው በላይ ወደ ዘነቡ ተመለከቱ። «ወይዘሪት፣ መጽሐፍ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላስተማርሻቸውም?» ብለው እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን አቀኑላት።

ካሳነሽ በትሕትና አመሰገነችና መልሳ ገለበጠችው።

እሳቸውም መልሰው አቀኑት።

«ጌታው» አለች ካሳነሽ፣ «የማነበው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

አግዳሚው ላይ ሳቅ ፈነዳ። ካሳነሽ መጽሐፉን እንደገለበጠች ገጹን አንድም ሳትሳሳት አነበበች፤ ተቆጣጣሪው ግን አልሰሟትም ማለት ይቻላል።

«በቃሏ አጥንታዋለች» አሉ። «ቀጥይ አንቺ።»

ቀጣይዋም ገለበጠች። ከእሷ ቀጥላ ያለችውም። የዚያ አግዳሚ ሴቶች በሙሉ መጽሐፉን እየገለበጡ እንደ ወንዝ አንቆረቆሩት። ወደ ሁለተኛው አግዳሚ ሲዞሩ ደግሞ ሁሉም እንደ ሰው ይዘው አነበቡ።

«ነገሩ ገብቶኛል» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን። «ግማሾቹ ያነባሉ። ግማሾቹ ከጓደኞቻቸው የሰሙትን ይደግማሉ። ግማሽ ክፍል ደግሞ ክፍል አይባልም።»

ዘነቡ ሁለቱን አግዳሚዎች አፈራርቃ አየች። ከወዲህ እነማን፣ ከወዲያ እነማን። ያን ጊዜ አልጋው በዓይኗ መጣ፤ መካከሉ ላይ የተዘረጋው ገበታ፣ ከወዲያ ማዶ የቆሙት ሴቶች፣ እግሯን ወደ ሰማይ የሰቀለችው ፊደል። ካሳነሽ ለካ ያየችውን ነው የተናገረችው! ዘነቡ የገዛ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የተማሩት ቡና አልጋ ላይ ነው። ገበታውን መካከል ላይ ዘርግቼ ከዚህ ወገን ሆኜ ሳስተምር፣ እነዚህ ከወዲያ ሆነው ተገልብጦ ነው የሚያዩት። መጽሐፉንም እንደዚያው። ዓመቱን ሙሉ ፊደልን የሚያውቁት ተገልብጦ ነው። ያነባሉ ግን! በእውነት ያነባሉ!»

«ሰው ተገልብጦ ማንበብ ይማራል?»

«እኔም አሁን ማየቴ ነው።»

«ልጄ» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ፤ ይህም ዘነቡን ከቁጣው ይልቅ አስፈራት። «ትምህርት ቤት ስቆጣጠር ብዙ ሰበብ ሰምቻለሁ። ያንቺን የሚያህል ግን አልገጠመኝም። አዝናለሁ፤ ያየሁትን መጻፍ አለብኝ።»

ብዕራቸውን አወጡ። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አቀኑ። ጽሕፈታቸው እንደ ማተሚያ የጠራ ነበር። ዘነቡ ዓይኗን ጨፈነች። አራተኛው ዓመት ከእጇ ሲያመልጥ ይታያት ነበር፤ አባቷ ለዱመርሶ ሰው የሚመልሱትም መልስ አብሮ።

ከቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። በዝናቡ መካከል የካሳነሽ ድምፅ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ከ... ተ... ከተማሪዎቹ... መካከል... ግማሾቹ... ማንበብ...»

ብዕሩ ቆመ።

አቶ ሠረቀብርሃን ቀና አሉ። ካሳነሽ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊት ለፊታቸው፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው።

«ይጨርሱት እንጂ፣ ጌታው» አለች። «'ማንበብ' ብለው ቆሙ። ከዚያስ ምን ሊሉን ነው?»

ከበሩ አቶ ገብረኪዳን በረጅሙ አስነጠሱ፤ ሳቃቸውን የሚሸሽጉበት መንገድ ነበር። ተቆጣጣሪው አልሳቁም። ወረቀቱን አየት አደረጉ፣ ካሳነሽን አየት አደረጉ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጡና ከፊታቸው ሳያርቁ፣ ሳያዞሩላት፣ አንድ መስመር ጻፉ።

«ዛሬ... አሪቻ... ላይ... ብርቱ... ዝናብ... ጣለ» አለች ካሳነሽ። «እውነትዎን ነው። መንገዱም ተበላሽቷል።»

ሌላ መስመር ጻፉ።

«ወይዘሮ...» ብላ ካሳነሽ ቆመች። ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። መጋዘኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ተሳሳተች ብሎ ፈራ። እሷ ግን ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ካሳነሽ ነው የሚለው። ጌታው፣ ስሜን ጽፈውታል። ስሜ ተጽፎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።»

አቶ ሠረቀብርሃን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። ከዚያ በኋላ የካሳነሽን አግዳሚ አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው ጠሩ። ለእያንዳንዷ ማንም ያልሰማውን አዲስ ነገር ይጽፋሉ፤ እያንዳንዷም ብዕራቸውን እየተከተለች ታነባለች። አንዷ እንዲያውም ቸኩላ ቃሉ ሳያልቅ ቀድማቸው ጨረሰችው።

በመጨረሻ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደው ኪሳቸው ከተቱ። በንጹሕ ወረቀት ላይ እንደገና መጻፍ ሲጀምሩ ያ አግዳሚ በሙሉ አንገቱን አስግጎ በአንድ ድምፅ ተከተላቸው፤

«በዚህ... ስፍራ... የተማሩት... ሴቶች... ሁሉም... ማንበብ... ችለዋል!»

«ለእኛም ያዙሩልን!» ብለው ጮኹ የወዲህኛው አግዳሚ ሴቶች። «እኛ በቀናው ነው የምናነብ! እነሱ ብቻ ሊሰሙ ነው?»

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አዞሩላቸው፤ እነሱም ከፊተኞቹ አስበልጠው ጮኸው አነበቡት። እልልታው ቆርቆሮውን አናጋው።

«ወይዘሪት ዘነቡ» አሉ አቶ ሠረቀብርሃን፣ ወረቀቱን እያጠፉ፤ «አገልግሎትሽ ጸድቋል። ጽሕፈቱን ስታስጀምሪ ግን አደራሽን፣ ሁሉንም በአንድ ወገን አስቀምጪያቸው።»

አቶ ገብረኪዳን በበኩላቸው «እንግዲህ እኔ ከነዚህ ፊት ምንም ነገር አልጽፍም» ሲሉ ሴቶቹ «ቢጽፉስ ምን ሊጽፉ ኖሯል?» ብለው ያዟቸው።

ላንድሮቨሩ ከግቢው ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ጭቃው ዋጠው። ሾፌሩ ሞተሩን ባስጮኸ ቁጥር ይበልጥ ሰመጠ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ጠቅልለው ወረዱና ከኋላ ተደገፉት። ካሳነሽ ዘፈን አወጣች፤ ሌሎቹ እየተቀበሉ ገፉ። መኪናው ጭቃውን ፊታቸው ላይ ረጭቶ ተፈናጥሮ ወጣ።

«ጌታው!» ብላ ጮኸች ካሳነሽ፣ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። «ይህንንም ይጻፉልን!»

አቶ ሠረቀብርሃን በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብለው ሳቁ።

ዘነቡ አራተኛ ዓመት ገባች። በ1965 ዓ.ም. በትምህርት ፋኩልቲ በማዕረግ ተመረቀች። አዲስ አበባ ሥራ ልትቀጠር ትችል ነበር፤ እሷ ግን ዲላን መረጠች። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እያስተማረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶብስ ይርጋጨፌ ትወርዳለች፤ አንዳንዴም እስከ ገደብ ትዘልቃለች። አብረዋት የተመረቁት ሲገናኙ ማን ዲሬክተር እንደሆነ፣ ማን ውጭ አገር እንደሄደ ይነጋገራሉ። የትምወርቅ ወለጋ ያገለገለችበት አገር ውስጥ አግብታ እዚያው ቀርታለች። ስለ ዘነቡ ሲነሣ ግን ሁሉም የሚጠይቋት ስለ ዲግሪዋ አይደለም።

«እስቲ ያቺን የአሪቻዋን ሴትዮ ንገሪን» ይሏታል።

ካሳነሽ በዚያው ክረምት መጻፍም ለመደች። በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ሆና ተመረጠች።

የምረቃው ዕለት አቶ ሙሉካ አዲስ አበባ ነበሩ። አዲስ ካፖርት ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ የልጃቸው ስም እስኪጠራ ድረስ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ስሟ ሲጠራ ብቻቸውን ብድግ አሉ። ሌላው ሰው ሁሉ ተቀምጦ እንደነበር ያዩት ኋላ ነው፤ ቢሆንም አልተቀመጡም።

ዱመርሶ ሲመለሱ የመንደሩ ወንዶች በመንገድ ዳር ተሰብስበው ጠበቋቸው።

«እህ፣ ሙሉካ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እስቲ ንገረን፤ ልጅህ ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ ምን አወቀች?»

አቶ ሙሉካ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አሉ። «ቤታችሁ ግቡና ሚስቶቻችሁን ጠይቁ። አንብበው ይነግሯችኋል።»